ለጠረጴዛ የተሠራ ሶፍትዌር በታብሌት ላይ ለምን ያስቸግራል?

ታብሌት ኮምፒዩተር በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግዳ ዕቃ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የስብሰባ ሰነዶችን ከማባዛት ወጪ ያድናል፣ ለመስክ ሥራ ይመቻል፣ መብራት ቢቋረጥም ለሰዓታት ያሠራል በሚል ምክንያት የግዥ ጥያቄ ይቀርብበታል። ይሁን እንጂ ዕቃው ተገዝቶ፣ በንብረት ክፍል ገቢ ተደርጎና ለሠራተኛው በፊርማ ተላልፎ ሥራ ላይ ሊውል ሲል አንድ ያልታሰበ ችግር ብቅ ይላል። በቢሮው ኮምፒዩተር ላይ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረው የሒሳብ፣ የንብረት ወይም የመዝገብ ቤት ሶፍትዌር በታብሌቱ ላይ አይከፈትም፤ ቢከፈትም እንደ ልብ አያሠራም።

እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ጣት የሚቀሰረው ብዙውን ጊዜ በተጠቃሚው ላይ ነው። ሥልጠናውን በሚገባ አልተከታተለም፣ አዲሱን አሠራር ለመቀበል ፈቃደኛ አይደለም ይባላል። የጉዳዩን ቴክኒካዊ ገጽታ ለተመለከተ ግን የችግሩ ምንጭ ሌላ ቦታ ነው። ሶፍትዌሩ የተሠራው ለማውስና ለኪቦርድ ነው፤ መሣሪያው የተሠራው ለጣት ነው። ሁለቱ አስቀድመው ሳይተዋወቁ በአንድ የግዥ ሰነድ ላይ ተገናኝተዋል።

ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ለመረዳት ከዓለም ግዙፍ የሶፍትዌር ኩባንያዎች አንዱ የሆነው ማይክሮሶፍት ያለፈበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል። የኩባንያው መሥራች ቢል ጌትስ እ.ኤ.አ በ2001 በአሜሪካ ላስ ቬጋስ በተካሄደው የኮምዴክስ ዐውደ ርዕይ ላይ የታብሌት ኮምፒዩተር ናሙና ባቀረቡበት ወቅት፣ መሣሪያው በአምስት ዓመታት ውስጥ በአሜሪካ እጅግ ተፈላጊው የግል ኮምፒዩተር ዓይነት እንደሚሆን ተንብየው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ወር ላይም ዊንዶውስ ኤክስፒ የታብሌት እትም ለገበያ ቀረበ። ትንቢቱ ግን አልሠመረም። በወቅቱ የተመረቱት መሣሪያዎች ከባድና ውድ ከመሆናቸው በላይ፣ በውስጣቸው የነበረው ዊንዶውስ በአመዛኙ ያው የጠረጴዛው ዊንዶውስ ነበር። ትናንሾቹን ምልክቶች በጣት መንካት ስለማይቻል ተጠቃሚው ልዩ ብዕር መያዝ ነበረበት። ብዕሩ ሲጠፋ ደግሞ መሣሪያው ከተራ ላፕቶፕ የሚለይበት ነገር አልነበረውም።

እ.ኤ.አ በ2010 አፕል ኩባንያ አይፓድን ይዞ ሲመጣ የተከተለው አቅጣጫ ተቃራኒው ነው። አይፓድ የኩባንያው የማክ ኮምፒዩተሮች የሚጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች ጨርሶ እንዲቀበል አልተደረገም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለጣት ተብሎ እንደ አዲስ መጻፍ ነበረበት። ውሳኔው በወቅቱ መሣሪያውን አቅመ ቢስ ያደረገው መስሎ ታይቶ ነበር፤ ይሁንና ገበያውን የወሰደው ይኸው መሣሪያ ነው።

ማይክሮሶፍት ሁለቱን መንገዶች ለማጣመር የሞከረው እ.ኤ.አ በጥቅምት 2012 ባወጣው ዊንዶውስ 8 ነው። ታዋቂው የጀምር ቁልፍ ተነስቶ በምትኩ ለጣት የሚመቹ ሰፋፊ ሣጥኖች የሞሉበት ገጽ ተተካ። ከዚህ ገጽ በስተጀርባ ግን የድሮው ዴስክቶፕ እንዳለ ተቀምጦ ነበር። በማውስ የሚሠራው ሰው ሰፋፊዎቹ ሣጥኖች ሥራ አስፈቱት፤ በጣት የሚሠራው ደግሞ ወደ ዴስክቶፑ በገባ ቁጥር ከጥቃቅን ምልክቶች ጋር ይታገል ጀመር። በአንድ መሣሪያ ሁለቱንም ወገን ማስከፋት መቻሉ ለሶፍትዌር ነዳፊዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ምሳሌ ሆኗል። የጀምር ቁልፉ ከአንድ ዓመት በኋላ በዊንዶውስ 8.1 ተመለሰ።

በዚያው ጊዜ ለሽያጭ የቀረበው ሰርፌስ አርቲ የተባለው ታብሌት ዕጣ ፈንታ ደግሞ ለግዥ ባለሙያዎች ልዩ ትምህርት አለው። መሣሪያው መልኩ ዊንዶውስ ነበር፤ ዴስክቶፕም ነበረው፤ ዎርድና ኤክሴልም ተጭነውለት ነበር። ሆኖም ተጠቃሚው ለዓመታት የገዛቸውን ሌሎች የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ሊጭን ሲሞክር አልቀበል አለ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ በሐምሌ 2013 ከዚሁ መሣሪያ ክምችት ጋር በተያያዘ 900 ሚሊዮን ዶላር ኪሣራ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ማስፈሩን ይፋ አድርጓል።

ሰርፌስ አርቲ የተለመዱትን ፕሮግራሞች ያልተቀበለበት ምክንያት ፕሮሰሰሩ ነው። የቢሮ ኮምፒዩተሮች በአብዛኛው የሚሠሩት ኢንቴልና ኤኤምዲ በሚያመርቷቸው፣ ኤክስ 86 በሚባል የትእዛዝ ቋንቋ በሚግባቡ ፕሮሰሰሮች ሲሆን፣ አብዛኞቹ ታብሌቶች ግን እንደ ሞባይል ስልክ ሁሉ ኤአርኤም የተባለውን ይጠቀማሉ። ኤአርኤም ባትሪ ይቆጥባል፣ አይግልም፤ የትእዛዝ ቋንቋው ግን ሌላ ነው። ለአንዱ የተዘጋጀ ፕሮግራም ለሌላው ሲሰጥ አማርኛ ብቻ ለሚያነብ ጸሐፊ በግሪክ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

እርግጥ በመካከል ሆኖ የሚያስተረጉም ሶፍትዌር መሥራት ይቻላል። እ.ኤ.አ ከ2017 ጀምሮ ኤአርኤም ፕሮሰሰር ያላቸው የዊንዶውስ 10 መሣሪያዎች ባለ 32 ቢት የቆዩ ፕሮግራሞችን በትርጉም ማስኬድ ችለዋል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ባለ 64 ቢቶቹንም ጨምሯል። ትርጉሙ ግን ፍጥነት ይቀንሳል። ከዚህም በላይ የፕሪንተር፣ የስካነር፣ የጣት አሻራ መቀበያና የመሳሰሉት መሣሪያዎች ማስተናገጃ ፕሮግራሞች፣ ማለትም ድራይቨሮች፣ በትርጉም አይሠሩም። አንድ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌሩ ታብሌቱ ላይ መከፈቱን አይቶ ደስ ካለው በኋላ ደረሰኝ ማተም እንዳልቻለ የሚያውቀው እዚህ ላይ ነው።

ፕሮሰሰሩ አንድ ቢሆን እንኳ ችግሩ ይፈታል ማለት አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ በ2021 ያወጣው አይፓድ ፕሮ በማክ ኮምፒዩተሮች ውስጥ የሚገኘውን ኤም 1 የተባለ ፕሮሰሰር ይዟል። የማክ ፕሮግራሞች ግን አሁንም አይጫኑበትም። አንድሮይድም ሆነ የአይፓዱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚቀበሉት ለራሳቸው የተጻፈውን ብቻ ነው። በኢትዮጵያ በሒሳብ ሠራተኞች ዘንድ በስፋት የሚታወቀው ፒችትሪ፣ በኋላ ላይ ሴጅ 50 የተባለው፣ ለዊንዶውስ የተሠራ በመሆኑ በአንድሮይድ ታብሌትና በአይፓድ ላይ በቀጥታ አይጫንም። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ የሶፍትዌሩን መሥፈርት አንድ ጊዜ ማንበብ በቂ ነበር።

እስከዚህ የተነሳው ሶፍትዌሩ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም የሚለው ነው። የበለጠ አድካሚ የሚሆነው ግን ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው። ኤክስ 86 ፕሮሰሰርና ሙሉ ዊንዶውስ ያላቸው ታብሌቶች በገበያ ላይ ስለሚገኙ፣ መሥሪያ ቤቶች እነዚህን ሲገዙ ችግሩ እንደተቃለለ ያምናሉ። በዚህ ጊዜ ጣት ራሱ ችግር ሆኖ ይመጣል።

የማውስ ጠቋሚ በስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ ለይቶ መምታት ይችላል። የሰው ጣት ጫፍ ግን ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ፖል ፊትስ የተባሉት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ በ1954 ባቀረቡት ጥናት፣ አንድን ዒላማ ለመንካት የሚወስደው ጊዜ በዒላማው ርቀትና ስፋት እንደሚወሰን አሳይተዋል። ዒላማው ባነሰ ቁጥር እጅ ይዘገያል፣ ስህተትም ይበዛል። ከዚህ በመነሳት ጉግል ለአንድሮይድ ነዳፊዎች ባወጣው መመሪያ አንድ የሚነካ ቁልፍ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት እንዲኖረው ይመክራል። የአፕል መመሪያም በራሱ መለኪያ ከዚህ ብዙም የማይርቅ ዝቅተኛ መጠን አስቀምጧል።

በአንጻሩ በቆዩ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች የመሣሪያ ሰሌዳ ላይ የተለመደው ምልክት በስፋትም በቁመትም 16 ነጥብ ወይም ፒክስል ነው። በአንድ ኢንች 96 ነጥብ በሚያሳይ የተለመደ የጠረጴዛ ስክሪን ላይ ይህ ምልክት 4 ሚሊ ሜትር ከሩብ ያህል ይሆናል። በማውስ ለሚሠራ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው። ያው ምልክት በአንድ ኢንች 208 ነጥብ ባለው የመጀመሪያው ሰርፌስ ፕሮ ታብሌት ላይ ሳይጎላ ቢቀርብ ግን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የጣት ጫፍ በአንድ ጊዜ አራትና አምስት ምልክቶችን ይሸፍናል ማለት ነው። «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ ከ«ሰርዝ» ጎን በሆነበት ሶፍትዌር ላይ ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመረጃ ደኅንነት ጉዳይም ይሆናል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ማጉላት ነው። ዊንዶውስ ሁሉንም ነገር ወደ 150 ወይም 200 በመቶ ከፍ ለማድረግ ያስችላል። ነገር ግን ስክሪኑ አብሮ አይሰፋም። በስፋት 1280፣ በቁመት 800 ነጥብ ባለው ታብሌት ላይ ማጉያው 150 በመቶ ሲደረግ ለፕሮግራሙ የሚቀረው ቦታ 853 በ533 ያህል ነው። የቆየ ሶፍትዌር የመሙያ ቅጹን ቁመት 600 ነጥብ አድርጎ ካዘጋጀው፣ የቅጹ የታችኛው ክፍል ከስክሪኑ ውጪ ይቀራል። በታችኛው ክፍል ላይ ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ «እሺ» የሚለው ቁልፍ ነው። ሠራተኛው ሁሉንም ሞልቶ ሲያበቃ የሚጨርስበት ቁልፍ ያጣል። የስክሪኑ ኪቦርድ ሲከፈት ደግሞ ከቀረው ቦታ ግማሽ ያህሉን ስለሚወስድ፣ የሚጻፍበት መስመር ራሱ ከኪቦርዱ ሥር የሚደበቅበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ይጻፋል፣ ኪቦርዱ ይዘጋል፣ ትክክል መሆኑ ይታያል፣ እንደገና ይከፈታል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላም ልዩነት አለ። ማውስ ሳይጫን በምልክቱ ላይ መዋል ይችላል። ተጠቃሚው ጠቋሚውን በአንድ ምልክት ላይ አሳርፎ ሲጠብቅ የምልክቱ ትርጉም ብቅ ይላል፤ ንዑስ ሜኑዎችም በዚሁ መንገድ ይዘረጋሉ። ጣት ግን ወይ ነክቷል ወይ አልነካም፤ መካከለኛ ቦታ የለውም። ስቲቭ ጆብስ እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2010 ፍላሽ የተባለው ቴክኖሎጂ በአይፓድ ላይ የማይሠራበትን ምክንያት በጽሑፍ ሲያስረዱ፣ ጠቋሚን በማሳረፍ ላይ የተመሠረቱ ገጾች ለንክኪ እንደገና መጻፍ እንዳለባቸው አንዱ መከራከሪያቸው አድርገውት ነበር። ቀኝ ክሊክም እንደዚሁ ነው። በጣት ተጭኖ በመቆየት ይተካል ቢባልም፣ የቆየው ሶፍትዌር አንዳንዴ ይህን እንደ መጎተት ስለሚቆጥረው በሰንጠረዥ ላይ ያለ መስመር ከቦታው ሊነሳ ይችላል።

የኪቦርዱን ጉዳይ በተለይ የሒሳብና የመረጃ ማስገባት ሠራተኞች ያውቁታል። የለመደ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ መቶ ደረሰኝ ሲመዘግብ ዓይኑ ከወረቀቱ ላይ አይነሳም። ጣቶቹ በቁጥር ሰሌዳው መሐል ባለችው 5 ቁጥር ላይ ያለችውን እብጠት ዳስሰው ቦታቸውን ያውቃሉ። ከአንዱ መሙያ ወደ ሌላው በታብ ቁልፍ ይሻገራሉ፣ በኤንተር ያጸድቃሉ። በመስታወት ላይ የሚዳሰስ ነገር የለም፤ ስለዚህ ዓይን በየቁጥሩ ከወረቀት ወደ ስክሪን፣ ከስክሪን ወደ ወረቀት መመላለስ አለበት። ከኤፍ 1 እስከ ኤፍ 12 ያሉት የተግባር ቁልፎች ደግሞ በአብዛኞቹ የስክሪን ኪቦርዶች ላይ በቀላሉ አይገኙም። ማይክሮሶፍት ኤክሴልን ለታብሌት ለማመቻቸት እ.ኤ.አ ከ2013ቱ እትም ጀምሮ በቁልፎች መካከል ያለውን ርቀት የሚያሰፋ የንክኪ አማራጭ ጨምሯል። የሰንጠረዡ መስመሮች ግን አሁንም ለማውስ በተለካ ቁመት ይጀምራሉ። እንዲህ ላለው ሥራ ታብሌት ከጠረጴዛ ኮምፒዩተር ጋር ሊወዳደር አይችልም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይደረባል፤ እርሱም የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተሰኘው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች መላ የፈጠሩት የላቲን ፊደላትን ቦታ በመዋስ ነበር። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም ምልክት መጻፉን ነው፤ በስክሪኑ ላይ «ሀ» ወይም «መ» መስሎ የሚታየው ቅርጹን የሚሰጠው ፎንት በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ስለተጫነ ብቻ ነው። የፊደላቱ ብዛት በአንድ ፎንት ውስጥ ከሚገኙት 256 ቦታዎች በላይ በመሆኑ አንዳንዶቹ ፎንቱን ለሁለት ከፍለውት ነበር።

በዚህ ዘዴ የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ መመሪያዎችና ቃለ ጉባዔዎች በየመሥሪያ ቤቱ በብዛት ይገኛሉ። ሰነዱ ወደ ታብሌት ሲላክ ፎንቱ አብሮ ስለማይሄድ የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ይሆናል። ብዙዎች ፋይሉ በቫይረስ ተበላሽቷል ብለው ይደመድማሉ። ፋይሉ ግን አልተበላሸም፤ ድሮም የተጻፈው አማርኛ ሳይሆን አማርኛ የሚመስል ነገር ነበር። መፍትሔው ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው፤ ለንባብ ብቻ ከሆነ ፎንቱን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክም ያስኬዳል። መጻፉም ራሱን የቻለ ችግር አለው። የቆዩት መጻፊያዎች ከበስተጀርባ ሆነው ከኪቦርዱ የሚመጣውን ምት እየጠለፉ ወደ አማርኛ የሚለውጡ ናቸው። በአንድሮይድና በአይፓድ ላይ ጨርሶ አይጫኑም። ሙሉ ዊንዶውስ ባለው ታብሌት ላይ ቢጫኑም ከስክሪን ኪቦርድ ጋር ሁልጊዜ አይግባቡም። ዛሬ በአንድሮይድ ላይ ዩኒኮድን የሚከተሉ የአማርኛ ኪቦርዶች መኖራቸው ሥራውን አቅልሎታል። በመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ታብሌቶች ላይ በአማርኛ ፊደላት ምትክ ባዶ ሣጥኖች ይታዩ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ለውጡን ያደንቃል።

ሶፍትዌሩን ሳይለውጡ በታብሌት ለመጠቀም ከሚቀርቡት አማራጮች ዋነኛው የርቀት ዴስክቶፕ የተባለው ነው። ማይክሮሶፍት ለአንድሮይድና ለአይፓድ የሚሆነውን መተግበሪያ እ.ኤ.አ በጥቅምት 2013 አውጥቷል። በዚህ ዘዴ ሶፍትዌሩ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ ይሠራል፤ ወደ ታብሌቱ የሚመጣው የስክሪኑ ምስል ብቻ ነው። የፕሮሰሰሩ ልዩነት፣ የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ልዩነትና ከላይ የተነሳው የፎንት ችግር በአንድ ጊዜ ይወገዳሉ። መረጃው ከመሥሪያ ቤቱ ስለማይወጣ ታብሌቱ ቢጠፋ እንኳ የሚፈጠረው ጉዳት ይቀንሳል።

ነገር ግን ዘዴው ያለማቋረጥ የሚሠራ ኔትወርክ ይፈልጋል። እያንዳንዷ ንክኪ ወደ ሰርቨር ሄዳ ውጤቷ እስኪመለስ መጠበቅ ግድ ይላል። ግንኙነቱ በዘገየ ጊዜ ሠራተኛው ያልተነካ መስሎት ደግሞ ይነካል፤ ሁለቱም ንክኪዎች በኋላ ተከታትለው ይደርሳሉ። ትናንሾቹ ምልክቶችም በምስሉ ላይ ያው ትንሽ እንደሆኑ ናቸው። ይህን ለማቃለል መተግበሪያዎቹ በጣት እየተገፋ የሚሄድ ጠቋሚ በስክሪኑ ላይ ያሳያሉ። በሌላ አነጋገር ታብሌቱ የማውስን ሥራ እንዲያስመስል ይደረጋል። በቀን አንድና ሁለት ጊዜ ሪፖርት ለማየት ወይም ክፍያ ለማጽደቅ ለሚፈልግ የሥራ ኃላፊ ይህ በቂ ነው። ቀኑን ሙሉ መረጃ ለሚያስገባ ሠራተኛ አይሆንም። በርቀት ለሚገናኝ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም መሣሪያ ተጨማሪ የፈቃድ ክፍያ መኖሩም በዕቅድ ወቅት መታሰብ አለበት።

ሶፍትዌሩን በኢንተርኔት ማሰሻ በኩል የሚሠራ ማድረግ ሌላው አማራጭ ነው። ሆኖም «ዌብ ላይ የተመሠረተ ነው» የሚለው አባባል ብቻውን ዋስትና አይደለም። ከ2000 ዓ.ም በፊትና በኋላ ባሉት ዓመታት የተሠሩ በርካታ ሥርዓቶች በጃቫ አፕሌት፣ በፍላሽ ወይም በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ በሚሠራው አክቲቭ ኤክስ ላይ ያረፉ ናቸው። እነዚህ በታብሌት ማሰሻ ላይ አይሠሩም። ይልቁንም በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይም ዘመናቸው አልፏል፤ ፍላሽ እ.ኤ.አ በ2020 መጨረሻ፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ደግሞ በዊንዶውስ 10 ላይ እ.ኤ.አ በሰኔ 2022 ድጋፋቸው ተቋርጧል።

የተሻለ ውጤት የተገኘው ሶፍትዌሩን በታብሌቱ ልክ እንደገና በመንደፍ ነው። የዓለም አቀፉ የካርታ ሥራ ማኅበረሰብ ተሞክሮ ይህን ያሳያል። በነጻ የሚገኘውን ኪውጂስ የተባለ የካርታ ሶፍትዌር ከነሜኑዎቹና ከነምልክቶቹ ወደ አንድሮይድ ለማዛወር በ2010ዎቹ መጀመሪያ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ሜዳ ላይ ቆሞ በጣት ለሚሠራ ሰው ግን የማይመች ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የተሠራው ኪውፊልድ የተባለው መተግበሪያ የጠረጴዛውን ሶፍትዌር መልክ ትቶ ለመስክ የሚያስፈልጉትን ጥቂት ተግባራት ብቻ በሰፋፊ ቁልፎች አቀረበ። ካርታው በቢሮ በኪውጂስ ይዘጋጃል፣ በመስክ በኪውፊልድ ይሞላል፣ ተመልሶ በቢሮ ይደራጃል።

በስታቲስቲክስ ሥራም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ያዘጋጀውና በበርካታ አገሮች ጥቅም ላይ የሚውለው ሲኤስፕሮ መጠይቁ የሚነደፈው በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን፣ መረጃው የሚሰበሰበው ግን በአንድሮይድ ታብሌት ላይ ለዚሁ በተሠራ ሌላ መተግበሪያ ነው። ጠያቂው ጥያቄዎቹን በየተራ ያገኛል፤ መልሱን ከዝርዝር በንክኪ ይመርጣል። የእናት ዕድሜ ከልጅ ዕድሜ ጋር የማይጣጣም ከሆነ ሥርዓቱ እዚያው ያስጠነቅቃል። በወረቀት መጠይቅ ጊዜ ይህ ስህተት የሚታወቀው ከወራት በኋላ በማዕከል ነበር።

ኢትዮጵያ ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ታብሌቶችን ማዘጋጀቷ ይታወሳል። በኅዳር 2010 ዓ.ም እንዲካሄድ ታቅዶ የነበረው ቆጠራ ከተራዘመ በኋላ፣ የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በሰኔ 2011 ዓ.ም ባካሄዱት የጋራ ስብሰባ እንደገና እንዲራዘም ወስነዋል። የዚህ የኋለኛው መራዘም ዋና ምክንያት ከቴክኖሎጂው ጋር የተያያዘ አልነበረም። ዝግጅቱ ግን አንድ ነገር ያስገነዝባል። ታብሌቶቹ የታሰቡት የቢሮውን ኮምፒዩተር እንዲተኩ ሳይሆን የወረቀቱን መጠይቅ እንዲተኩ ነበር። በጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሮኒክ ማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓትም የሚተካው የቤተሰብ ማኅደር የተባለውን የወረቀት ፎልደር ነው። ታብሌት የወረቀት ተተኪ ሲሆን ይሳካለታል፤ የዴስክቶፕ ተተኪ እንዲሆን ሲጠየቅ ይቸገራል።

ለግዥ ኮሚቴዎች ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ሥራ ያን ያህል ውድ አይደለም። የቴክኒክ መግለጫ ከመጻፉ በፊት አንድ ናሙና ታብሌት ተውሶ፣ መሥሪያ ቤቱ በየቀኑ የሚሠራበትን ሶፍትዌር ጭኖ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሠራተኛ እጅ ለጥቂት ቀናት ማስፈተሽ ይቻላል። ሠራተኛው አንድ ሙሉ ተግባር፣ ለምሳሌ የንብረት ገቢ ደረሰኝ ከመሙላት እስከ ማተም ያለውን፣ ያለ ማውስና ያለ ተጨማሪ ኪቦርድ መጨረስ ከቻለ ምርጫው ትክክል ነው። ካልቻለ ተነቃይ ኪቦርድና ብዕር ያለው መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ብዕር ትንንሽ ምልክቶችን መለየት ይችላልና። የኪቦርዱና የብዕሩ ዋጋ ሲደመር ደግሞ ጥሩ ላፕቶፕ ከሚገዛበት ዋጋ ጋር ሊቀራረብ ስለሚችል ንጽጽሩ በዚያው ሰነድ ላይ ቢሠራ ይመረጣል። በተግባር ግን የቴክኒክ መግለጫዎች የስክሪን ስፋትን፣ የሚሞሪ መጠንንና የባትሪ ዕድሜን በዝርዝር እየጠቀሱ በመሣሪያው ላይ የሚሠራውን ሶፍትዌር ስም አንድ ጊዜ እንኳ የማያነሱበት ሁኔታ ይታያል።

ቀደም ሲል የተገዙ የዊንዶውስ ታብሌቶች ያሏቸው መሥሪያ ቤቶች ሊያዩት የሚገባ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም፣ እ.ኤ.አ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቋርጧል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና ከተወሰነ ዘመን ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። አነስተኛ ፕሮሰሰር ይዘው በርካሽ የተገዙ ብዙ ታብሌቶች ይህን አያሟሉም። እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ጋር እንደተገናኙ ከመቀጠላቸው በፊት የተራዘመ የደኅንነት ድጋፍ ሊገዛላቸው፣ ወደ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሊዛወሩ ወይም ያለ ኔትወርክ ለሰነድ ማንበቢያ ብቻ እንዲውሉ ሊደረግ እንደሚችል የመስኩ ባለሙያዎች ይመክራሉ።